ዳግም አረቄና ሁለት በርሜል ያየ ውስኪ

«ዳግም አለ?» የሚለው ጥያቄ በኢሉባቦርና አካባቢው፣ መቱም ይሁን ጎሬ፣ በደሌም ይሁን ያዮ፣ አረቄ በሚሸጥበት ቤት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ተራ አረቄ አንድ ጊዜ የወጣ ነው፤ ዳግሙ ደግሞ ያው አረቄ ተመልሶ ተጥዶ ሁለተኛ ጊዜ የወጣ። ዳግም ዋጋው ይወደዳል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ቶሎ ያሞቃል፤ ጠጪው ከፍ ያለ ሒሳብ ሲቆርጥ የሚከፍለው ለዚህ ነው። በአሜሪካዋ ኬንተኪ ግዛት ያሉ ውስኪ ወዳጆችም ከመደበኛው የሚወደድ «ድርብ ኦክ» የሚሉት ቡርቦን አላቸው። እሱም ላይ ሁለት ጊዜ የተደረገ ነገር አለ፤ ሁለተኛው ዙር ግን እሳት ላይ ሳይሆን በርሜል ውስጥ ነው። ሁለቱን መጠጦች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አንዱ ስለ ሌላው ብዙ ይናገራል ባይ ነኝ፤ «ሁለት ጊዜ» መባሉ ብቻ የጥራት ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰዱ ሁለቱም አገር ያለ ስሕተት ነውና። በሁለተኛው ዙር መጠጡ ላይ ምን ተጨመረ? ምንስ ወጣለት? ዋጋ መቆረጥ ያለበት በዚህ ነው። ይህን የሚመልስ አፍንጫና ምላስ ደግሞ ኢሉባቦር ውስጥ ሞልቷል፤ እስከ ዛሬ የተቀጠረው ለቡና መሆኑ እንጂ።

ከቡርቦኑ እንጀምር። የአሜሪካ ሕግ ቡርቦን ለሚባለው መጠጥ ጥብቅ ደንብ አለው። ከእህሉ ቢያንስ 51 ከመቶው በቆሎ መሆን አለበት። ከማውጫው ሲወርድ አልኮሉ ከ80 ከመቶ፣ በርሜል ሲገባ ደግሞ ከ62.5 ከመቶ መብለጥ የለበትም። በርሜሉ ሌላ መጠጥ ያልነካው አዲስ ኦክ ሆኖ ውስጡ በእሳት የከሰለ መሆን አለበት፤ ቀለም መጨመር ክልክል ነው፤ ጠርሙስ ሲገባም ከ40 ከመቶ አያንስም። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1964 ቡርቦንን የአገሪቱ መለያ ምርት ብሎ አውጆታል። ድርብ ኦክ በሰፊው የታወቀው ደግሞ ውድፎርድ ሪዘርቭ የተባለው የኬንተኪ አምራች እ.ኤ.አ. በ2012 በዚሁ ስም ጠርሙስ ካወጣ ወዲህ ነው። የዚህ ውስኪ እህል 72 ከመቶ በቆሎ፣ 18 ከመቶ ራይ የሚባል የስንዴ ዘመድ እህል፣ 10 ከመቶ የገብስ ብቅል ነው። እንደ ማንኛውም ቡርቦን በከሰለ በርሜል ዓመታት ከቆየ በኋላ ወደ ሌላ አዲስ በርሜል ይገለበጣል። ያ ሁለተኛው በርሜል ከመጀመሪያው በአሠራር ይለያል፤ ውስጡ ረዘም ላለ ጊዜ በሙቀት ከተጠበሰ በኋላ ላይ ላዩ በስሱ ብቻ ይከሰላል።

ይህን ያነበበ የበደሌ ወይም የጮራ ሰው «ይሄማ የኛው በቆሎ ነው» ቢል አልተሳሳተም። ኢሉባቦርም የበቆሎና የማሽላ አገር ነው። አረቄ የምታወጣ ባለሙያ ሥራዋን የምትጀምረው ጌሾና ብቅል ጠንስሳ ነው። ጥንስሱ ሲነሣ ከበቆሎ፣ ከማሽላ ወይም ከዳጉሳ የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባበታል፤ ድፍድፉ ቀናት ቆይቶ ሲደርስ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ ወይም በቧንቧ ያልፍና ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ዕቃ ሲገባ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል። ብቅሉ ኬንተኪም ኢሉባቦርም የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይሰብራል፣ ስኳሩን እርሾ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። የአረቄውን መንገድ የሚለየው ጌሾውና በምጣድ የበሰለው ቂጣ ነው። ቂጣው ጠቆር እስኪል ከበሰለ የጠጡት ሁሉ የሚያውቁት የተቆላ እህል ጠረን እስከ መለኪያው ድረስ ይከተላል። ኬንተኪዎች ይህን ጠረን ከእንጨት ይፈልጉታል፣ እዚህ ከምጣድ ይገኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ተራ አረቄ በተለያየ ጊዜ በተደረጉ ምርመራዎች የአልኮል መጠኑ 35 ከመቶ አካባቢ ሲገኝ፣ ዳግም 45 ከመቶ አካባቢ ይደርሳል። ከቤት ቤት፣ ከአወጣጥ አወጣጥ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ወጥ ደረጃ የለውምና። የውድፎርድ ድርብ ኦክ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ደግሞ 45.2 ከመቶ ነው። የመቱ ዳግምና የኬንተኪው ድርብ ኦክ በኃይል እኩያ ናቸው ማለት ነው። እንግዲህ ጥራት በኃይል የሚለካ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ እኩል ዋጋ ባወጡ ነበር። ኬንተኪ ውስጥ የሁለተኛውን በርሜል ዋጋ የሚከፍል ሰው የሚገዛው ተጨማሪ ኃይል አይደለም፤ እንዲያውም ጠንከር ያለ ከፈለገ ውሃ ሳይነካው በ60 ከመቶ የሚታሸግ ሌላ ቡርቦን አለለት። እኛ ዘንድ ግን ዳግም ሲባል የሚነሣው ኃይሉ ብቻ ነው፤ መፈተኛውም በዚሁ ላይ የቆመ ሆኗል።

መፈተኛው ክብሪት ነው። ትንሽ ይፈስና ክብሪት ይጫርበታል፤ ከተቀጣጠለ «ንጹሕ ነው» ይባላል። ጠርሙሱን ነቅንቀው አረፋው ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያዩም አሉ። ሁለቱም ዘዴዎች አንድ ነገር ይናገራሉ፤ አልኮሉ በዝቷል ወይስ አንሷል የሚለውን። ይህም ዋጋ አለው፤ ውሃ የተጨመረበትን ያጋልጣል። ንጽሕናን ግን አይነግርም። 40 ከመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት የሚሰጠው 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ በጎሬ ብርድ ክብሪቱ ያልያዘለት አረቄ እሳት አጠገብ ሞቅ ብሎ ቢሞከር ሊነድ ይችላል። መጠጡ ያው ነው፣ የተለወጠው የቤቱ ሙቀት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል በደንብ የሚነድ፣ ነበልባሉም ፈዛዛ ሰማያዊ የሆነ መሆኑ ነው። ዓይን ያጠፋው መጠጥ የክብሪቱን ፈተና እንደ ጥሩው አልፎ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ገዢው «ነደደልኝ» ብሎ ሲተማመን የተማመነው መልስ በማይሰጥ ምስክር ላይ ነው።

ታዲያ ሁለተኛ ጊዜ ማውጣት ጥቅም የለውም? አለው፤ ጥቅሙ ግን በብዛት የሚነገርለት አይደለም። ድፍድፍ ሲጣድ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አይወርድም። መጀመሪያ የሚመጣው ቶሎ የሚተን ነው። አሴታልዴሃይድ አለበት፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተው ኤቲል አሴቴትም አለበት፤ አፍንጫን የሚወጋው፣ ዓይን የሚያስነባው ይህ ነው። ቀጥሎ የሚፈለገው ይወርዳል። እየቆየ አልኮሉ ሲሟጠጥ ከባባዶቹ አልኮሎችና ቅባት ቅባት የሚሉ አሲዶች ይከተላሉ፤ የረጠበ ካርቶን፣ የቆየ ላብ የሚመስል ጠረን ይዘው። አንድ ጊዜ ብቻ ሲወጣ እነዚህን መለየት ይከብዳል፤ ድንበራቸው የተቀላቀለ ነው። ሁለተኛ ሲወጣ ድንበሩ ይጠራል፣ ባለሙያዋም የፊቱን ለብቻ፣ መሐሉን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ የመቀበል ዕድል ታገኛለች። የዳግም ክብር እዚህ ላይ ነው። የፊቱም የኋላውም አንድ ዕቃ ውስጥ ከተጠራቀሙ ግን ዳግሙ የተራውን ጉድለት አጥብቆ የያዘ ተራ ነው፤ በውሃው ፈንታ ጥፋቱም ጭምር ተሰብስቦ መጣ። በማግስቱ ራስ ሲያመው «ዳግም ስለጠጣሁ ነው» የሚለው ሰው ግማሽ እውነት አለው፤ ዋናው ጥፋተኛ የአልኮሉ ብዛት ቢሆንም ያልተለየው ፊትና ኋላ ራስ ምታቱን አያቀልለትም።

በርሜሉም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ነጭ ኦክ የሚባለው የአሜሪካ ዛፍ ለበርሜል የተመረጠው ውስጡ ያሉት የውሃ መተላለፊያ ቱቦዎች በተፈጥሮ ስለሚደፈኑ መጠጥ ስለማያፈስ ነው። በሙቀት ሲጠበስ የእንጨቱ አካላት ይፈታሉ፤ ከሊግኒን የቫኒላ ጠረን የሚሰጠው ቫኒሊን ይወጣል፣ ከሄሚሴሉሎስ የተቃጠለ ስኳር ጣዕም ይመጣል፣ ኦክ ላክቶን የሚባለው ደግሞ ኮኮናት የሚመስል ጠረን ይሰጣል። የከሰለው ገጽ እንደ ማጣሪያ ሆኖ አንዳንድ የሰልፈር ሽታዎችን ይይዛል። ከዚህ ሁሉ ጋር የማይቀረው ታኒን ነው፤ ያፈላነው ሻይ ሲበዛ ምላስ የሚያደርቀው እሱ። ሁለተኛው በርሜል ከመጀመሪያው በተለየ መንገድ የተዘጋጀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ረጅሙ ጥብስ ቫኒላውንና ስኳሩን ያበዛል፣ የሁለተኛው ቆይታ ከመጀመሪያው ማጠሩ ደግሞ ታኒኑ እንዳይነግሥ ያደርጋል። ቆይታው ቢረዝም ኖሮ መጠጡ ከእህልነት ወጥቶ የእንጨት ጭማቂ በሆነ ነበር። ውስኪ ቀማሾች ድርብ ኦክን ሲመዝኑ የሚከራከሩት በዚህ ነው፤ በእንጨቱ ጣፋጭነት ሥር እህሉ ይሰማል ወይስ ተሰልቅጧል? ጣፋጭ ጠረን መጥፎ አወጣጥን የመሸፈን ችሎታ እንዳለው ማንም ቀማሽ አይረሳም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። አረቄ በርሜል አያይም፤ ነጭ ሆኖ ወጥቶ ነጭ ሆኖ ይጠጣል፤ እንጨት የሌለበትን መጠጥ በእንጨት መጠጥ ሚዛን መመዘን ምን ይባላል? የቻይናው ባይጂዩ፣ የጣሊያኑ ግራፓ በብዛት ነጭ ሆነው ሲቀርቡ አገሮቻቸው ግን ጥብቅ የቅምሻ ሥርዓት አላቸው። እንዲያውም በርሜል የሌለበት መጠጥ ይበልጥ ራቁቱን ስለሚቆም ለመመዘን ይመቻል፤ የሚሸፍንለት የለም። በዚያ ላይ እንጨት ከኢትዮጵያ መጠጥ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። የጠላ ጋን በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ የወተት ዕቃም እንዲሁ። የወይራ ጭስ ውስጥ ያለው ጓያኮል የከሰለ ኦክ በርሜልም የሚሰጠው ጠረን ነው። የአረቄ ጠርሙስ ግን አይታጠንም፤ አረቄ ላይ ጭስ ከሸተተ ብዙውን ጊዜ ድፍድፉ ከዕቃው ሥር ስለተቃጠለ ነው፣ ይህም ጉድለት ነው። የታጠነ ጋን ጭስ ሸፍኖ ሳይሆን ከእህሉ ጋር ተስማምቶ ይመጣል፤ ያረረ ድፍድፍ ግን ምሬቱን ይዞ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የጠላ ጠጪ ይህን ልዩነት ያለ አስተማሪ ያውቃል።

ኦክ ተክሎ ወይም በርሜል አስመጥቶ የኢሉባቦርን አረቄ ማስረጀት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ጥያቄውን በአጭሩ ማለፍ እመርጣለሁ። ኬንተኪ ውስጥ በጋው ያቃጥላል፣ ክረምቱ ይበርዳል፤ ሙቀቱ መጠጡን ወደ እንጨቱ ያስገባል፣ ብርዱ ይመልሰዋል፣ በዓመትም ከ3 እስከ 5 ከመቶ የሚሆነው በትነት ይጠፋል። የጎሬ አየር ዓመቱን ሙሉ ብዙ የማይለዋወጥ፣ ዝናቡም ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ነው። እንዲህ ባለ እርጥብ አየር ውስጥ ከበርሜል ከውሃው ይልቅ አልኮሉ ቀድሞ ይወጣል፣ መጠጡ ዓመት በዓመት ይለሰልሳል፤ የስኮትላንድ እንጂ የኬንተኪ ዓይነት እርጅና አይደለም። የሚያስደስት ሙከራ ሊሆን ይችላል፤ የዛሬው አረቄ ጥራት ግን በርሜል እስኪመጣ የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚያስፈልገው ቅምሻ ነው፤ ቅምሻ ደግሞ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ቡና ማገበያየት ሲጀምር በሠራበት የደረጃ ሥርዓት የቡናው ጥሬ ፍሬ 40 ነጥብ፣ ስኒው 60 ነጥብ ይይዝ ነበር። ስኒው ላይ ንጽሕና፣ አሲዳማነት፣ ውፍረትና ጣዕም እያንዳንዳቸው 15 ያገኙ ነበር። ቀማሹ የተፈጨውን ቡና በደረቁ ያሸታል፣ ፈላ ውሃ ያፈስስበታል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ገልብጦ አፍንጫውን ከስኒው አፍ ያደርሳል፣ ከዚያ በማንኪያ ፉት ብሎ ይተፋል። አንድም አይውጥም። የበደሌ፣ የጮራ፣ የያዮ፣ የአሌ ቡና በመጀመሪያው ምደባ በጅማ ስም ሥር ገብቶ መቆየቱ ለአካባቢው አርሶ አደር ቅሬታ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ስም አንድ ሆኖም ስኒው ላይ ዋጋ የሚለየው ነገር ግልጽ ነበር። መሬት ላይ የደረቀ ቡና አፈር አፈር ይላል፤ ማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀው አይልም። ይህን ለማወቅ የምርት ገበያ ባለሙያ መሆን እንኳ አያስፈልግም፤ ቡና አፍልታ የምታስተናግድ ማንኛዋም የመቱ እናት ከጀበናው ሳይቀዳ ትነግራችኋለች።

ማርም ላይ እንዲሁ ነው። ኢሉባቦር የጫካ ማር አገር ነው። የጌተማ ዛፍ ሲያብብ የሚቆረጠው ማር ነጣ ያለ ነው፤ የግራዋው ጠቆር ብሎ ምሬት አለው፤ የብሳናውም የራሱ መልክ አለው። ሻጭና ገዢ በአበባው ስም ይጠሩታል፣ ቀምሰው ይስማማሉ፣ ወይም ቀምሰው ይጣላሉ። በቡናና በማር ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት የሚያውቅ ሕዝብ አረቄ ላይ ሲደርስ «ያቃጥላል፣ አያቃጥልም» በሚል ሁለት ቃል ብቻ መወሰኑ ይገርመኛል። ምላሱ ጎድሎ አይመስለኝም። አረቄ ገበያው ላይ ጥራት ለብቻው ዋጋ ስለማያወጣ ማንም አላሠለጠነውም።

እንዴት ይመዘናል? በመለኪያ ብርጭቆ ሞልቶ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ምንም አያስተምርም። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ይቀዳል፤ አፍንጫ ከአፉ ራቅ ብሎ፣ ከንፈር ተከፍቶ ይሸተታል፣ አለዚያ አልኮሉ ራሱ አፍንጫን ያደነዝዛል። መጀመሪያ የሚመጣው የሚወጋ፣ የቀለም ማስለቀቂያ ዓይነት ሽታ ከሆነ የፊቱ አልተለየም። ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ መዳፍ ላይ አፍስሶ ሁለቱን እጅ ማሸት ነው። አልኮሉ በሰከንዶች ይተናል፤ ያኔ መዳፍ ላይ የሚቀረው የመጠጡ እውነተኛ ማንነት ነው። የተቆላ በቆሎ፣ የዳጉሳ ቂጣ፣ ራቅ ብሎ የሚሰማ የጌሾ ምሬት ከቀረ አወጣጡ ጥሩ ነው፤ የረጠበ ካርቶን፣ የጎመዘዘ ድፍድፍ፣ ቅባት ቅባት የሚል ከቀረ ባለሙያዋ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትሟጠጥ ጠብቃለች። ከዚያ ብርጭቆው ውስጥ ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨመርበታል። ይህ መጠጥ ማበላሸት የሚመስለው ብዙ ነው። ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በኮምፒዩተር ባደረጉት ስሌት ግን አልኮሉ ቀጠን ሲል ጓያኮልን የመሰሉ የጠረን ሞለኪውሎች ወደ መጠጡ ገጽ እንደሚወጡ አሳይተዋል። ውሃ ሲነካው ጠረኑ የሚከፈት አረቄ የሚያሳየው ነገር አለው፤ ውሃ ሲነካው ጉድለቱ የሚወጣም እንዲሁ ራሱን ያጋልጣል። መጨረሻ ምላስ ላይ ትንሽ ይደረጋል፣ ይተፋል። ቃጠሎው የት እንዳረፈ ማስተዋል ነው፤ የምላስ ጫፍ ላይ ነድዶ የሚጠፋና ጉሮሮ ሥር ተጣብቆ የሚቆይ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። አረቄ ቤት ያፈርሳል፣ ጤና ያቃውሳል፤ በኢሉባቦር ከተሞች በእምነታቸው ምክንያት ጨርሶ የማይቀምሱት ብዙ ናቸው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል፤ ታዲያ ቅምሻን ማበረታታት መጠጥን ማስዋብ አይሆንም? ይህን ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ቅምሻ ሱሰኛን አያድንም። ሜታኖልንም አፍንጫ አይለየውም፤ ሽታው ከጥሩው አልኮል እምብዛም አይለይም። ከእህል ድፍድፍ የሚገኘው ሜታኖል ጥቂት ነው፤ ሰው የሚገድለው በብዛት ከውጭ የተደባለቀ የኢንዱስትሪ አልኮል ነው፣ ይህን የሚያጋልጠው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ነገር ግን አሁን ያለው ሚዛን የትኛውን መጠጥ እንደሚሸልም እንይ። ይበልጥ የሚያቃጥለውን፣ ይበልጥ ቶሎ የሚያሰክረውን፣ አልፎም ኃይል ለማሳመር ባዕድ ነገር የተጨመረበትን ይሸልማል። ኃይል ብቻ ዋጋ በሚያወጣበት ገበያ አጭበርባሪ ከባለሙያ እኩል ይወዳደራል። ጠረን ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ ግን በቆሎዋን ቆልታ፣ ለይታ የምታወጣዋ ሴት ልቃ ትታያለች፤ በርካሽ አልኮል የተደበላለቀው የእህል ጠረን ከየት ያመጣል? ይህ ሙሉ መከላከያ አይሆንም፤ ከክብሪቱ ግን ይሻላል።

እንጨቱን በተመለከተ አንድ ሌላ ሒሳብም አለ። በአርሲ ነገሌ ካቲካላ የሚሉትን አረቄ ማውጣት ምን ያህል የማገዶ እንጨት እንደሚበላ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፣ በአካባቢው ደን ላይ የሚያሳርፈው ጫናም እንዲሁ። ዳግም ማለት ያንኑ ምድጃ ሁለት ጊዜ ማንደድ ነው። ያዮ ዙሪያ ያለው የቡና ደን ጥብቅ ክልል፣ ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የዱር ቡና እናት ስለሆነ ነው። እዚያ አጠገብ ጉድለቱን እንዳለ ለማጠናከር ብቻ ሁለተኛ የሚነድ እንጨት ለእኔ ብክነት ነው። ኬንተኪም ከዚህ ሒሳብ አታመልጥም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈቀድለት አዲስ በርሜል ኦክ ያስቆርጣል፣ ድርብ ኦክ ደግሞ እጥፍ። ልዩነቱ የዚያኛው በርሜል ሥራውን ጨርሶ ለስኮትላንድ ውስኪ፣ ሩም ለሚባለው መጠጥ አውጪዎች፣ አልፎ አልፎም ጥሬ ቡና ለማሳደሪያ መሸጡ ነው። የእኛ ማገዶ የሚተወው አመድ ነው።

የሚቀረው ተቃውሞ የባለሙያዋ ነው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚከብደኝም ይህ ነው። በቆሎውን ገዝታ፣ እንጨቱን ገዝታ፣ ቀን ሙሉ ጭስ ውስጥ ተቀምጣ ካወጣችው ላይ የፊቱንና የኋላውን አስወግጂ ማለት ትርፏን ድፊ ማለት ነው። ጠጪው በክብሪት እስከገዛት ድረስ ለይታ ማውጣቷ ኪሳራ እንጂ ክብር አያመጣላትም። መፍትሔው ግን የግድ ማፍሰስ አይደለም። ውስኪ አውጪዎች የኋላውን አይደፉትም፤ በውስጡ ገና ብዙ አልኮል ስላለ በሌላ ዕቃ አስቀምጠው ከሚቀጥለው ተራ ጋር መልሰው ይጥዱታል። የሚወገድ ካለ የመጀመሪያው ጥቂት ብቻ ነው። ይህ ለመቱ አረቄ አውጪ ሁለተኛ ጀሪካን ከመያዝ የዘለለ ወጪ የለውም፤ የሚቀየረው ሥራ ጠብታውን እያሸተቱ ዕቃው የሚለወጥባቸውን ሁለት ሰዓቶች ማወቅ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ዓይን ማስነባቱን ሲያቆም አንዱ ዕቃ ይነሣል፣ የካርቶኑ ሽታ ሲጀምር ሌላው ይተካል። መሐል የወረደው ለብቻው ጠርሙስ ገብቶ «ዳግም» ተብሎ ከሌላው በጥቂት ብር ከፍ ብሎ ቢቀርብ፣ ገዢውም መለኪያዋን ከመጨለጡ በፊት መዳፉ ላይ አሽቶ ቢያሸት፣ ያቺ ጥቂት ብር የማንን ድካም እንደምትከፍል ሁለቱም ያውቃሉ።